ፋርማሲስቱን እንዴት እንደጣልኩት

ጥቅምት 12፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ከስፌት መኪናው አጠገብ

ውድ ባለቤቴ፣

…እና ደረጃው ላይ ቆመሽ፣ ሻንጣሽን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረሽ ያልሽኝ ነገር ሁለት ነበር። ሁለቱን አብሬ ማስታወስ ያቅተኛል። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል፤ እንደ ሐር ጨርቅ፣ በዚህ ስስበው በዚያ ይንሸራተታል። አንደኛው «ክፍሉ ሲለቀቅ ጻፍልኝ» ነው። ሁለተኛውን በግማሽ ነው የሰማሁት፤ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው በመካከላችን ሲያልፉ «ይቅርታ፣ ይለፉ፣ ይለፉ» እያልኩ ነበር። ከ«ይለፉ» በኋላ የደረሰኝ ይሄ ነው፦ «…እምቢ ማለት ተማር። የሚያስተምሩበት ቤት ካለ ሂድና ተመዝገብ። እኔ ማስተማሩ ደክሞኛል።»

ተመዘገብኩ።

ክፍሉ ግን አልተለቀቀም። ይህን መስመር ስጽፍ ገና አልተለቀቀም። ሲለቀቅ ጻፍ ያልሽኝን ሳይለቀቅ እየጻፍኩ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። አሁኑኑ ልድረስበት ብል ፊደሎቼ ይወላገዳሉ፣ አንቺም ከጽሕፈቴ ታውቂብኛለሽ።

ወንድሜ ደህና ነው። እንዳልጠየቅሽኝ አውቃለሁ። በልቤ የምጠራው አንቺ ባወጣሽለት ስም ነው። «ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው» ብሎ ሻንጣውን ያስገባ ዕለት ትራስ ውስጥ አፍሽን ቀብረሽ «ሳምንት» አልሽው፤ እኔም እዚያው ትራስ ውስጥ ሳቅሁ። የሰው ሁሉ ሳምንት እሑድ ላይ ያልቃል። የእኛው ሳምንት እሑድ ሲደርስ ካፖርቱን የአንቺ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰቀለ። ከካፖርቱ ሥር ያልተፈታ ሂሳብ ነበር፣ የአንዱ እጅጌ ግማሹን ሸፍኖት። ተማሪዎችሽ ከክፍሉ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔስ ምን አደረግሁ?

ካፖርቱን ተኮስኩለት።

ያስቀኛል፤ ችግሩ ይሄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ጡረታ ቢወጣም ከአውቶቡሱ አይወርድም። ደንበኞቼ ሲገቡ «ከየት ነው የተሳፈሩት?» ይላቸዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ ደንግጦ ኪሱን ሲፈትሽ አይቻለሁ። እስቃለሁ። ስስቅ ደግሞ የምናገረው ይጠፋኛል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ልጁ በከተማው በዚያኛው ጫፍ ክፍል አዘጋጅታለታለች፤ ትልቅ መስኮት ያለው፣ አልጋውም የተነጠፈ። «እዚያማ ብሄድ እንግዳ እሆናለሁ» ይላል።

እዚህ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ወንድሜ» ይለኛል። አባታችን ሲሞት እኔን በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሳደገኝ። ይህን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳው ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ስለ ትምህርቱ።

የመብራት እንጨት ላይ ማስታወቂያ አየሁ። «ራስን መከላከል! በራስ መተማመን! ጀማሪዎችንም እንቀበላለን!» ቃለ አጋኖ እንደሚያስፈራኝ ታውቂያለሽ፤ ሰው አጠገቤ ቆሞ የሚቆጣኝ ይመስለኛል። ቢሆንም «ጀማሪዎችንም» የምትለዋ «ም» ደስ አለችኝ። ካራቴ ነበር። ከጎማ ጥገናው ቤት በላይ ያለ አዳራሽ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ የጎማው ሽታ በጣውላው መካከል የሚወጣ። ሁሉም ነጭ ለብሶ በሰልፍ ቆሟል። እኔ በሥራ ሱሪዬ ከኋላ ቆምኩ። አሰልጣኙ ፂማም ነው።

«ቡጢው ሲወጣ ጩኸቱም አብሮ ይወጣል» አለኝ። «ከሆድህ! በል!»

«ኧ?» አልኩ።

«ይሄማ ጥያቄ ነው።»

«እሺ፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታ አትበል፤ ጩህ!»

«እንዴት ብዬ?»

እስቲ አስቢው፤ ለመጮህ ፈቃድ እየጠየቅኩ ነበር። በመጨረሻ የወጣኝ ድምፅ፣ አስተናጋጅ ለመጥራት አፍሮ የሚያስል ሰው ድምፅ ነበር። ከፊቴ ያለችው ወጣት ዞራ «ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

ፂማሙ ቀረብ ብሎ አየኝ። «አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው? የምን ቀበቶ ነው?»

ሜትሬ ነበር። ከሥራዬ ስነሳ ማውለቁን ረስቼው።

«ልብስ ሰፊ ነህ እንዴ?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ ክንዱን አነሳና ብብቱን አሳየኝ። ተተርትሯል። ሌላውም አነሳ። ካራቴ የሚበላው ብብት ነው፤ ቡጢው ሲወረወር እጅጌው ከትከሻው አይከተልም። ሁሉም ክንዳቸውን አንስተው ሲያዩኝ፣ እጅ እንዲሰጡ ያዘዝኳቸው ይመስል ነበር። በሕይወቴ ብዙ ሰው ያሸነፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልብሶቹን በአንሶላ ጠቅልዬ ተሸክሜ ገባሁ። እምቢ ማለት ልማር ሄጄ እሺ ብዬ ተመለስኩ።

ምናልባት ስልቱ አልተስማማኝም ይሆናል አልኩ። ሰው ሁሉ የራሱ ልክ አለው፤ ይህን እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? በሳምንቱ ከዕቃ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለው የቴኳንዶ ቤት ሄድኩ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም እግራቸው ጆሯቸው ድረስ ይደርሳል። ጎልማሳው አሰልጣኝ «የቻልከውን ያህል ብቻ አንሳ» አለኝ። የቻልኩትን ያህል አነሳሁ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። ያን ድምፅ እኔ በሥራዬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የሌላ ሰው ሱሪ ሲሆን ግን ሙዚቃ ነው።

«ሱሪውን ማን ነው የሰፋልህ?» አለ አሰልጣኙ፣ ሳቁን እየዋጠ።

«ሌላ ሰው» አልኩ።

ውሸቱ ብዙ አልቆየም። ጥግ ሄጄ ከኪሴ መርፌና ክር አውጥቼ፣ ሱሪው ላዬ ላይ እንዳለ ስጠግነው አዩኝ። ቴኳንዶ የሚበላው ደግሞ ጉያውን፣ የጭን መሃሉን ነው። የሱሪ ክምር ይዤ ወጣሁ።

ሳምንት ክምሩን አይቶ «ሥራ በዛልህ፣ ተመስገን ነው» አለኝ። «እኔም እኮ ያለ ነገር አልመጣሁም፤ እግሬ ርጥብ ነው።»

ከዚያ ቦክሱ ነው። ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅተኛ፣ ግድግዳው የሚያልበው፣ የዝላይ ገመድ ወለሉን ሲገርፍ የሚሰማበት። ባለቤቱ አሮጌ ቦክሰኛ ነው፤ አፍንጫው መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ዓይነት። ጓንት አጥልቆልኝ ዓይኔን አየኝ።

«ማንን ነው መምታት የምትፈልገው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ከጣሪያው ወደተንጠለጠለው የቡጢ ከረጢት ገፋ አደረገኝ። መታሁት። ከረጢቱ ሄደና ተመልሶ መጣ፣ ደረቴን ገፋኝ።

«ይቅርታ» አልኩ።

ገመዱ ወለሉን መግረፉን አቆመ። «ከረጢቱን ነው ይቅርታ የጠየቅከው?»

«እኔ… መንገዱ ላይ ቆሜ ስለነበር…»

አሮጌው ቦክሰኛ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እስኪያስለው ሳቀ፣ እስኪያለቅስ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በፎጣ ጠርጎ፣ «ስማ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። እንዳልነግረው ለራሴ ምዬ ነበር። ግን ከረጢቱ በጎኑ ስፌቱ ተፈቷል፣ አሸዋው ይንጠባጠባል፣ እኔም ሳላውቀው ጓንቴን አውልቄ ስፌቱን በጣቴ እየተከተልኩት ነበር።

ደረጃውን አስቢው። ያን ከረጢት አቅፌ፣ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ከግድግዳው ጋር አስደግፌው እያረፍኩ፣ እንደ ሰከረ ዘመድ እየደገፍኩ አወጣሁት። ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያንቺን ነጠላ ጫማ ተጫምቷል። ከረጢቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ። «ስንት ቀን ነው የሚቆየው?»

ሳቅሁ። ከረጢቱን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ የሆነ ቦታ ላይ ተበጠሰ፣ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚበጠሰው፤ እጅሽ መስፋቱን ይቀጥላል፣ ጨርቁ ግን አይያያዝም።

በዚያው ቀን ነው ወዳረፍሽበት ቤት፣ ለእህትሽ የደወልኩት። አንቺ አልነበርሽም። «ደህና ናት፤ ተማሪ በዝቶባታል፣ ሰሌዳም ገዝታለች» አለችኝ። ሰሌዳው ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ጥሩ ነው አለች። ትልቅ ነው ወይ አልኳት። ትልቅ ነው አለች። ሌላ የምጠይቃት ነበረኝ።

አንድ ጠዋት ደግሞ ከመናፈሻው አጠገብ ሳልፍ ጡረተኞች ቆመው እጃቸውን በአየር ላይ ሲያንሳፍፉ አየሁ። እሱም የፍልሚያ ስልት ነው አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ የተረተው ሰው እነዚህን አይቶ መሆን አለበት፤ እንቁላሉ የት እንደደረሰ ግን አልነገረንም። ከኋላ ተሰለፍኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እጄን ሳነሳ አየሩ ራሱ የሚሸከመኝ መሰለኝ። ማንም አይመታም፣ ማንም አይጮኽም፣ ማንም አያሸንፍም። ሲያልቅ አንዲት እናት «አንተማ ለዚህ የተፈጠርክ ነህ» አሉኝ።

ሸሸሁ።

ይህን ላስረዳሽ እፈልጋለሁ፣ ለራሴ ግን በደንብ አልገባኝም። ጎባጣ ሰው ሲመጣ እኔ ምን አደርጋለሁ? በጀርባው በኩል ጨርቅ እጨምራለሁ፣ ከፊት እቀንሳለሁ፣ ትከሻው ላይ ንጣፍ አስገባለሁ። መስታወት ፊት ሲቆም ጉብጠቱ የለም። «ልክ ነው!» ይላል ደስ ብሎት። ልክ የሆነው ለጉብጠቱ ነው። ሰውዬው ቀና እንዲል የሚያደርግ ኮት ሰፍቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ኮት ያስጨንቃል፣ ማንም አይገዛውም። ታዲያ ለሰው የሚስማማው ስልት የትኛው ነው? ጉብጠቱን የሚደብቅለት ወይስ የሚያስጨንቀው? መናፈሻው ውስጥ ምንም ጉብጠት አልነበረኝም። ስለዚህ ሸሸሁ።

አሁን ጁዶ።

ቦታው የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው፤ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ያነጥፋሉ። የምታስተምረው ሴት ናት፤ ቀን ቀን የተማሪዎችን አውቶቡስ ትነዳለች። አጭር ናት፣ ደንዳና፣ ድምፅዋ የኋላ ወንበር ድረስ የሚደርስ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳይ ወደ እኔ መጣች።

«መመዝገብ ነው?»

«መምረጥ ላይ ነኝ። የትኛው ስልት እንደሚስማማኝ…»

«ስልት ተወው፣ ቤት ምረጥ» አለች። «የትም ስትሄድ ከሁሉ ደካማውን ሰው ፈልገህ እሱን እይ። ሌሎቹ እንዴት እንደሚይዙት እይ። እሱ ከሳቀ ጫማህን አውልቅ። ካልሳቀ ጫማህን አጥብቀህ ውጣ።»

አየሁ። ከሁሉ ደካማው አንድ ረጅም ፋርማሲስት ነበር፤ እንደ መድኃኒት መደርደሪያ ረጅምና ቀጥ ያለ፤ በነኩት ቁጥር የሚወድቅ። ሲወድቅም ይስቃል።

«ለምንድን ነው የመጣኸው ግን?» አለችኝ።

ለፂማሙ «ለጤና» ብዬዋለሁ፣ ለቴኳንዶው «እንዲሁ»፣ ለቦክሰኛው ምንም። ለሷ ግን እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ አመለጠኝ። «ወንድሜ ከሚስቴ ክፍል አልወጣ ብሎ ነው።»

አልሳቀችም። «ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለች።

ጫማዬን አወለቅሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጥግ ላይ የተቀደዱ ጃኬቶች ተከምረው አየሁ። ጁዶ የሚበላው ኮሌታ ነው፤ ሁሉም እሱን ይዞ ስለሚጎትት። ሄጄ አቀፍኳቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሾፌሯ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ይዣቸው ልሂድ ብዬ…»

«ማን ጠየቀህ?»

አሰብኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ፂማሙስ ጠይቆኝ ነበር? ብብት ነው ያሳየኝ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ፤ ይቅር» አለች። ጃኬቶቹን ከእቅፌ ወስዳ ቦታቸው መለሰቻቸው። ፊቷ አልተለወጠም። «ማክሰኞ እንገናኝ» አለች።

መንገዱን በሙሉ ይህን ነገር እያገላበጥኩ ሄድኩ። እምቢ ተባልኩ፤ አልሞትኩም። ቅር እንኳ አላለኝም። እጄ ባዶ ነበር፣ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝና ኪሴ ከተትኩት።

እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩት መውደቅን ነው። አገጭሽን ወደ ደረትሽ ትሰበስቢያለሽ፣ ጀርባሽን ታጎብጪያለሽ፣ መሬት ስትደርሺ ምንጣፉን በመዳፍሽ ትመቺያለሽ። ሌሎቹ ብዙ ጊዜ የፈጀባቸውን እኔ ወዲያው ቻልኩት። «ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሲወድቅ የኖረ ነው!» አለ ፋርማሲስቱ፣ በእውነት ተደንቆ። እንደ ምርቃት ተቀበልኩት።

መጣሉ ነው ያቃተኝ።

ፋርማሲስቱን ሰጡኝ። ኮሌታውን እይዛለሁ፣ እዞራለሁ፣ ወገቤ ላይ ይወጣል፣ እግሩ ከመሬት ይለቃል፤ እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሲወድቅ ኮሌታውን ወደ ላይ ስቤ አቆየዋለሁ። መሬት ሳይነካ፣ ሳይቆምም፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዴማ ተንጠልጥሎ ሳለ ኮሌታውን አስተካከልኩለት።

«እባክህ ጣለኝ» አለኝ በጆሮዬ፣ በልመና። «ወገቤ ሊቀነጠስ ነው።»

«ጣለው!» አለች ሾፌሯ።

«ይጎዳል!»

«መውደቅ ያውቃል። ካንተ በፊት ነው የተማረው።»

«እሱማ ነው፣ ግን…»

መጥታ ፊቴ ቆመች። ፋርማሲስቱ አሁንም እጄ ላይ ነው። «ሰው ሁሉ አንተ ካልያዝከው የሚሰበር ይመስልሃል» አለች። «ደግነት ነው ብለህ ታስባለህ። እኔ ግን ንቀት ነው እለዋለሁ።»

ንቀት። ቃሉን ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ። ስሰፋ ከመርፌው ጋር ይገባል ይወጣል። ይሉኝታ ይሉታል ሰዎች፤ አንቺ ፍርሃት ትይው ነበር፤ እኔ በልቤ ጨዋነት ነበር የምለው። ንቀት ብሎ የጠራው ግን አልነበረም። ወንድሜ በቁርስ ሰዓት ዳቦውን ሲቆርስ አየሁት፤ ሰፊ እጅ፣ ሰፊ ትከሻ፣ ስንት ዓመት በሚንቀጠቀጥ አውቶቡስ ላይ ምንም ሳይዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው። ይህን ሰው ነው እኔ የደገፍኩት?

የካራቴውንና የቴኳንዶውን ልብሶች ሰፍቼ መለስኩ። ከዚያ ከረጢቱን። ለአሮጌው ቦክሰኛ አስረክቤ ስጨርስ፣ ሌላ የተቀደደ ጓንት ከግድግዳው ላይ ሊያወርድልኝ ተንጠራራ።

«ከዚህ በኋላ አልሰፋም» አልኩት። ጆሮዬ ጩኸት በጩኸት ሆነ። ቡጢ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቦታውም ቦክስ ቤት ነው።

«እሺ» አለ።

በቃ፣ ይሄው ነው። ዕድሜ ልኬን ስፈራው የኖርኩት መልስ «እሺ» ነበር። ጓንቱን መልሶ ሰቀለው፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ወጣሁ።

ፋርማሲስቱን የጣልኩት ባለፈው ሐሙስ ነው። ምንም አላሰብኩም፤ ዞርኩ፣ እጄ ተከተለ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፣ ሙሉ የጨርቅ ጣቃ ጠረጴዛ ላይ ሲወረወር የሚሰማው ዓይነት። ፋርማሲስቱ መሬት ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን አየ። ሞተ አልኩ።

«እሰይ!» አለ። «በስንት ጊዜው! ድገመው።»

ደገምኩት። ቤት ስገባ ምግብ አልበላ አለኝ። መጀመሪያ የታመምኩ መሰለኝ። ደስታ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከለበስኩት ቆይቼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ክፍልሽ ገባሁ።

ጋዜጣ እያነበበ ነበር። እግሬን እንደተማርኩት አድርጌ፣ በትከሻዬ ልክ ከፍቼ ቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሰንጋ የተገተርከው?» አለ።

«ጋሼ፣ ክፍሉ የሷ ነው።»

«ይህን ማን አጣው? የማን ነው አልኩ?»

«ልቀቀው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ጩኸት አልነበረም፤ ጥያቄም አልነበረም። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝና ሳቀ፤ ያን የሚያስቀኝን ሳቅ። ከዚያ እኔ እስክስቅ ጠበቀ። ጠበቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁ ብቻውን ትንሽ ሄደ፣ ዞር ብሎ አየ፣ ቆመ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ያን ያህል የሚያስቅ ሰው ፊት አለመሳቅ።

«ያ ካራቴ የምትለው ነገር ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ጁዶ ነው።»

«ወይ ጁዶ! እናታችን ይህን ባየች።» ጋዜጣውን አጠፈ፤ በአራት፣ ከዚያ በስምንት። «ሚስትህ ናት ያሰለጠነችህ?»

«የአውቶቡስ ሾፌር ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሾፌር?» አለ፤ እንደ ተከዳ ሰው። «ከሾፌር ጋር ገጠምክብኝ?»

እንደገና ሳቄ መጣ። ነከስኩት።

«መቼ ነው ታዲያ?» አለ።

«ነገም ቢሆን» የሚለው ጥርሴ ድረስ ደርሶ ነበር። «ሲመችህ» ከኋላው ተሰልፏል፤ ከእሱ ኋላ «እኔ እኮ እንዲሁ ነው ያልኩህ» አለ።

«ዛሬ» አልኩ።

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ አየሁ፣ ልይዘው እጄ ተነሳ። እጄን መልሼ አወረድኩት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጄ ጋ ያለው መስኮት በየት በኩል ነው የሚያየው፣ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «አየህ፣ ሳታጣራ ነው የምታሳፍረኝ» አለና ካፖርቱን ከሰሌዳው ላይ አወረደ።

ስለዚህ ነው አሁን የምጽፍልሽ። እሱ እየሸከፈ ነው፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ ተነስቼ እንዳላግዘው፣ ካገዝኩት ደግሞ የሸከፈውን መልሼ እንዳላራግፈው ፈርቼ። መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቅድም «ካልሲዬ አንዱ የት ገባ?» ሲል ሰማሁ። የት እንዳለ አውቃለሁ። አልነገርኩትም። የሚያሳዝነኝ ከሁሉ ይሄ ነው፣ ካልሲው።

ከካፖርቱ ሥር የነበረው ሂሳብ እንዳለ ነው። አልተጠረገም፤ እጅጌው ያረፈበት ብቻ ትንሽ ደብዝዟል። ልጠርገው ወይስ እንዲሁ ይቆይ፣ አላውቅም። ያንቺው አዲስ ሰሌዳ ከዚህኛው ይበልጣል ወይ? እህትሽ ትልቅ ነው ብላኛለች፤ ትልቅ ስትል ግን የእህትሽን ዓይን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ክፍሉን አየር አስገብቼበታለሁ ለማለት ነው ይህን ሁሉ የምለው። ገና አላስገባሁም፤ አስገባበታለሁ። ጠመኔም አለ። ልብስ ላይ የማስምርበት ዓይነት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ግን ይጽፋል፣ ሞክሬዋለሁ።

እናንተ ጋ ባሕሩ ዳር ነፋስ አለ ይባላል፤ አንገትሽን ሸፍኚ። ጉንፋን አይድፈርሽ፣ ጠመኔሽ አይሰበርብሽ፣ የምታስረጂው ሁሉ ይግባቸው። እጅሽ የነካው ይቃናልሽ። ለእህትሽ ሰላም በይልኝ፤ ስለ ሰሌዳው ብዙ ስለጠየቅኋት እንዳትታዘበኝ።

ሐሙስና ማክሰኞ ቤት አልኖርም፤ ልምምድ አለኝ። በሌላው ቀን ሁሉ አለሁ።

ያንቺው፣
ልብስ ሰፊው

ቆይ። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከኋላዬ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የምትጽፈው ለሷ ነው?» አለ።

«አዎ» አልኩት፣ ሳልዞር።

«ሰላም ብሏል በላት።»

ሰላም ብሏል።

ልዞር ነው። አልዞርኩም። ሻንጣውን አነሳ። በሩ ተዘጋ።